የሊድ ጊታር ድምፅ ከጣት ነው ከዕቃ?

ሶሎ አሳዳጁ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ የጊታሪስቱን የራንዲ ሮድስን የሶሎ (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚወጣበት ክፍል) ድምፅ ሳሳድድ ከረምኩ። ከዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት "ብሊዛርድ ኦቭ ኦዝ" አልበም ላይ ያለውን ማለቴ ነው። ማርሻል አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) አገኘሁ። እሱ ይጠቀምባት የነበረችውን ቢጫ ፔዳል፣ ድምፅ የምታሻክረውን ኤምኤክስአር ዲስቶርሽን ፕላስን፣ ገዛሁ። ኖታውንም አንድ በአንድ ለቅሜ ያዝኩት። የእኔ ግን ቀጭን ነው፣ የእሱ ወፍራም። ድምፅ ከጣት ነው ከዕቃ?

ጣት ይበልጣል፦ ከጣት! ያለቀለት ነገር ነው። የብላክ ሳባዝ ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫንበት እጁ ነው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራና ቀጠለ። የትኛው ፔዳል ነው ይህን የሚሰጥህ?

ባለ አምፑ፦ ወንድሜ፣ የራስህ ምሳሌ ጣለህ እኮ። ጣቱ ስለተጎዳ ቀጫጭን ክር ፈለገ። በ1971ዱ "ማስተር ኦቭ ሪያሊቲ" አልበም ላይ ደግሞ አንዳንድ ዘፈኖችን በአንድ ተኩል ቶን ዝቅ አድርጎ ቃኘ። ክር ዕቃ አይደለም? ዲስቶርሽኑን (ማሻከሪያውን) አጥፍተህ ሶሎ ተጫወት እስቲ። ኖታው ገና ሳይጣፍጥህ ይሞታል። ለማንኛውም ያለ ቱቦ አምፕ (በመስታወት ቱቦ የሚያጎላው የድሮው ዓይነት) ሜታል ሙዚቃ የለም።

ቤዝ ተጫዋቿ፦ ቱቦው ላይ ላቋርጥህ። ጊታሪስቱ ዳይምባግ ዳሬል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሜታል ባንዱ ፓንቴራ ጋር ያን ሁሉ ጉድ የሠራው ቱቦ በሌለው በራንዶል ትራንዚስተር አምፕ ነው። ይልቅ ጠያቂው፣ የአምፑን ሚድ (መካከለኛውን የድምፅ ክልል) ስንት ላይ ነው ያደረግከው?

ሶሎ አሳዳጁ፦ 2 ላይ። ጌይኑ (የሻካራነቱ መጠን) 10። አትሳቁ።

ቤዝ ተጫዋቿ፦ ታዲያስ! ቤትህ ለብቻህ ስትጫወት ሚድ የሌለው ድምፅ ያምራል። ከበሮና ቤዝ ሲገቡ ግን ይውጡታል። አንዴ ልምምድ ላይ ጊታሪስታችንን "ሶሎው መቼ ነው የሚጀምረው?" አልኩት። ለካ ግማሹን ጨርሶታል።

ዝም ባይ፦ የሰው ወርቅ አያደምቅ። የራስህን ድምፅ ብትፈልግስ?

ሶሎ አሳዳጁ፦ መማሪያዬ ነው እንጂ መድረክ ላይ ልሸጠው አይደለም። ራንዲ ራሱ ታዋቂ ከሆነ በኋላ እንኳ በየሄደበት ከተማ የክላሲካል ጊታር አስተማሪ እየፈለገ ይማር ነበር።

ድምፅ ቀራጩ፦ ሁላችሁም የምትከራከሩት አንድ ጊታር እየሰማችሁ ይመስላችኋል። ራንዲ ስቱዲዮ ውስጥ ሶሎዎቹን ይደራርብ ነበር። ያንኑ ሶሎ ደግሞ ደጋግሞ ተጫውቶ አንዱን በሌላው ላይ ያስቀምጠዋል። ውፍረቱ ከዚያ ነው። በአንድ ቅጂ እሱን ልታክል አትችልም፣ አምፑን ራሱን ቢያወርሱህም።

እኔ ሞክሬው ነበር። ፈጣኑ ቦታ አላስቸገረኝም። ያዋረደኝ ክሩን ገፍቼ የያዝኩት አንድ ረጅም ኖታ ነው። አንዱ ቅጂ ላይ ቪብራቶው (የኖታው መንቀጥቀጥ) ቀድሞ ገባ፣ ሌላው ላይ ዘገየ። አንድ ላይ ሳሰማቸው እንደ ሁለት ሰካራም ይላተማሉ። ያን ቀን እስከ ማታ ኖታዋ ላይ ብቻ ተቀመጥኩ።

ጣት ይበልጣል፦ አሸነፍኩ በለኛ! ያንኑ ነገር ሳያዛንፍ የሚደግመው ጣት ነው።

ድምፅ ቀራጩ፦ ግማሹን። ራንዲ በ1982 ካረፈ በኋላ በ1987 የወጣውን የመድረክ ቅጂ፣ "ትሪቢዩት"ን፣ ስማው። መድረክ ላይ አንድ ሰው ነው፣ መደራረብ የለም። ድምፁ ሳሳ ይላል፣ ግን በሁለት ኖታ እሱ መሆኑን ታውቃለህ። የሳሳው የስቱዲዮው ድርሻ ነው። የቀረው የእጁ።

ባለ አምፑ፦ እሺ፣ ተረታሁ ልበል። ማርሻሉን ግን እንዳትሸጥ። ጌይኑን ብቻ ቀንስ፤ ሲደራረብ ጭቃ የሚሆነው እሱ ነው።

ሶሎ አሳዳጁ፦ ሞከርኩት። ጌይን 5፣ ሚድ 7። ወይ ጉድ! ጌይኑ የሸፈነልኝ ስህተት ሁሉ ተሰማ። ግራ እጄ ከቀኙ ቀድሞ ነው የሚሄደው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አላወቅኩም። የመጀመሪያውን ቅጂ አሥራ አንድ ጊዜ ደገምኩት። ሁለተኛውን ነገ።