የጫንኩት ምስር አልደረሰም

ጥያቄ (ከእነዋሪ)፦
ባለፈው ሳምንት 50 ኩንታል ምስር በአይሱዙ አስጭኜ ወደ አዲስ አበባ ላክሁ። መኪናውን ያገናኘኝ ደላላ በስልክ ብቻ የማውቀው ነው። ሹፌሩ ሊብሬ አሳየኝ፤ ታርጋውንም መዘገብሁ። ደብረ ብርሃን ሲደርስ «ጎማ ተንፍሶብኛል» ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ስልክ ዝግ ነው። ታርጋው የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ። ግማሹ እህል የጎረቤቶቼ አደራ ነው፤ በምን ዓይኔ ልያቸው? ከእንግዲህስ መኪና እንዴት ልመን?

መልስ (ሹፌር፣ ደብረ ሲና)፦
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይካስህ። ታርጋ በሁለት ብሎን ይፈታል፤ ሻሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ጎንበስ ብለህ ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ሌባው ሁልጊዜ መሪ የያዘው አይደለም። እኔ የጣርማ በርን አቀበት በጉም ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ስወጣ ከኋላ ሸራዬን ቀድደው ሦስት ጆንያ አውርደውብኛል። ያወቅሁት አናቱ ላይ ያለውን የመኪና መንገድ ዋሻ አልፌ ስቆም ነው፤ የተቆረጠው ገመድ መሬት ይጎተት ነበር።

መልስ (እህል ነጋዴ፣ ደብረ ብርሃን)፦
ስልክ ቁጥሮቹን፣ በባንክ የከፈሉትም ካለ ደረሰኙን ይዘው ዛሬውኑ ለፖሊስ ያመልክቱ። እኔ ሙሉ ኪራይ የምከፍለው ተረካቢው ጆንያውን ቆጥሮ ከደወለልኝ በኋላ ብቻ ነው። ለጎረቤቶችዎ ግን ከሌላ ሰው ሳይሰሙ እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው።

ጠያቂው፦
እሺ እህቴ፤ ማታ ቤታቸው እሄዳለሁ።