መጀመሪያ ፊልተር ወይስ ሙሉ ሲንሴሳይዘር? የሐዋሳ አባላት የጋራ ዕቅድ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ፒያሳ ተገናኝተን ብዙ አወራን፣ ወረቀት ላይ የሰፈረው ግን ትንሽ ነው። እዚህ እንጨርሰው። የተስማማንበት ይኼ ነው። ማኅበሩ የድሮ አናሎግ (ድምፁን በኤሌክትሪክ ሰርኪዩት የሚያወጡ) መሣሪያዎችን ድምፅ በኮምፒውተር የሚሠራ ፕለጊን፣ ማለትም የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ የሚገጠም ትንሽ ሶፍትዌር፣ ያዘጋጃል። ሥራው የአባላቱ የጋራ ንብረት ይሆናል። ዕቅዱ ሲያልቅ ለዩኒቨርሲቲው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አቅርበን የላብራቶሪ መለኪያ እንዲፈቅዱልን እንጠይቃለን። ያልተስማማንበት ዋናው ነገር ነው፣ ምን እንሥራ የሚለው። ግማሹ ድምፅ ራሱ የሚፈጥር ሙሉ ሲንሴሳይዘር ይላል፣ ግማሹ የገባለትን ድምፅ ከፊሉን እየቆረጠ የሚያሳልፍ አንድ ፊልተር ይበቃል ይላል። ሐሙስ ማታ የመጣውን ሐሳብ ሰብስቤ እጽፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ «እኔ እኮ ብዬ ነበር» አይሠራም።

ፕሮግራመሯ፦
እኔ አሁንም አንድ ፊልተር ነው የምለው። ቅዳሜ በጫጫታው መሀል ሰሚ ስላላገኘሁ ምክንያቴን ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

አሜሪካዊው የሲንሴሳይዘር ሠሪ ሮበርት ሙግ የፈጠረው፣ ፓተንቱም እ.ኤ.አ. በ1969 የጸደቀለት የላደር (መሰላል) ፊልተር አራት ደረጃ አለው። እያንዳንዱ ደረጃ ከካትኦፉ (መቁረጥ ከሚጀምርበት ፍሪኩዌንሲ) በላይ ያለውን ድምፅ በኦክታቭ 6 ዲሲቤል ይቀንሳል፣ አራቱ ሲደመሩ 24። ይኼን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጨዋታው ያለው ካትኦፉ አጠገብ ያለውን ድምፅ በሚያጎላው ሬዞናንስ ላይ ነው። ልክ ካትኦፉ ላይ እያንዳንዱ ደረጃ ሞገዱን በ45 ዲግሪ ያዘገየዋል። አራቱ 180 ያደርሱታል፣ መጠኑም ወደ ሩብ ይወርዳል። ያንን ገልብጠን ወደ መግቢያው ስንመልሰው ከገባው ሞገድ ጋር ይገጥማል። የምንመልሰውን በ4 ካባዛነው ሩቡ መልሶ ሙሉ ይሆናል፣ ፊልተሩም ምንም ሳይገባበት ራሱ መጮህ ይጀምራል።

በኮምፒውተር ሲሆን ችግሩ እዚሁ ላይ ነው። አሁን የሚወጣውን ለማወቅ አሁን የሚመለሰውን ማወቅ አለብኝ፣ የሚመለሰው ደግሞ ያው የሚወጣው ነው። የሰነፍ መንገዱ ያለፈውን ሳምፕል፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚቆጥርባትን ቅንጣት፣ መመለስ ነው። ይሠራል። ግን ያቺ የአንድ ሳምፕል መዘግየት ካትኦፉ ከፍ ባለ ቁጥር ፌዙን (የሞገዱን አገጣጠም) ታበላሸዋለች፣ ሬዞናንሱም ከታዘዘበት ኖታ እየሸሸ ይሄዳል። ትክክለኛው መንገድ በየሳምፕሉ እኩልታውን መፍታት ነው፣ ባለሙያዎቹ ዜሮ ዲሌይ ፊድባክ የሚሉት። በዚያ ላይ ትራንዚስተሮቹ ሲግናሉ ሲጠነክር ያጎብጡታል፣ ቅርጹም ታንኤች የሚባለው የሂሳብ ኩርባ ነው። እሱ ሲጨመር እኩልታው በአንድ እርምጃ አይፈታም፣ እየገመቱ ወደ መልሱ መጠጋት ነው። ሙቀት ያለው የምትሉት ድምፅ አብዛኛው እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ይኼን ሳንጨርስ ሦስት ኦሲሌተር (ሞገድ አመንጪ)፣ ኮረስ (ድምፅ ማወፈሪያ)፣ አርፔጂያተር (ኖታ ደርዳሪ) ብንደረድርበት የሚወጣው ያማረ መስኮት ያለው ባዶ ነገር ነው።

የአቶቴው አቀናባሪ፦
እህቴ፣ ሂሳቡን ላንቺ ትቻለሁ። ገበያውን ግን እኔ ልናገር። ፊልተር ብቻውን ማን ያወርዳል? ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም የከፈተ ልጅ ፊልተር እዚያው ያገኛል። እውነቱን እናውራ ካላችሁ ደግሞ የብዙዎቻችን ላፕቶፕ ላይ ያለው ክራክ (ሳይከፈልበት የተሰበረ ፕሮግራም) ነው። የውጭውን ውድ ውዱን በነፃ የያዘ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው እነሱ ዘንድ የሌለ ነገር ሲኖረን ነው። ለእኔ ያ ነገር የማሲንቆና የክራር ጠረን ያለው፣ አራቱን ቅኝት የሚያውቅ ሲንሴሳይዘር ነው። ፍቼ ጨምበላላ ሲቃረብ የሲዳምኛ ዘፈን ሥራ ይደራረብብኛል። ሁሉም የሚጠይቀኝ ያንኑ የኦርጋን ሊድ ነው። እኔም ያንኑ የጃፓን ፕሪሴት (ቀድሞ የተዘጋጀ ድምፅ) ፊልተሩን ትንሽ ዘጋ፣ ሪቨርቡን ትንሽ ከፈት አድርጌ እሰጣለሁ። ሰለቸኝ በእውነት።

ደግሞ አናሎግ ለእኛ ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንሴሳይዘር ጋር አጣምሮ ቀርጿል። ያንን የሚሰማ ወጣት «ይኼን ድምፅ ከየት ላምጣው?» ነው የሚለው። «ላደር ፊልተር ስጡኝ» የሚል አልገጠመኝም።

ክራር ተጫዋቿ፦
ሁለታችሁም ስለ ኦርጋን ነው የምታወሩት። እኔ ኦርጋን አልነካም፤ ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) የገጠምኩለት ክራር ነው የምጫወተው። ፊልተሩ ለብቻው ከሆነ የእኔ ክራር ሊገባበት ይችላል፣ ሲንሴሳይዘር ውስጥ ከተቆለፈ ግን አይችልም። ስለዚህ ድምፄ ለፊልተሩ ነው። አንድ ነገር ግን ይጨመርልኝ፤ ክሩን ጠበቅ አድርጌ ስመታው ፊልተሩ ይከፈት፣ ቀስ ስል ይዘጋ። እግሬን ለዋው ፔዳል ከመስጠት ያድነኛል።

ስለ ቅኝትም አንድ ልበል። ክራሬን የምቃኘው በጆሮዬ ነው። የእኔ አንቺሆዬ ኪቦርዱ ላይ ካሉት ቁልፎች ጋር ልክ አይገጥምም፣ እንዲገጥምም አልፈልግም። አራት ፕሪሴት ሠርታችሁ «ቅኝት አለው» ብትሉ ገጠር ያለው ክራር መቺ ይስቅባችኋል።

ፕሮግራመሯ፦
ጎሽ! ጠበቅ ሲል የሚከፈተው ነገር ከባድ አይደለም፣ የገባውን ድምፅ ጥንካሬ ተከታትሎ ካትኦፉን ማንቀሳቀስ ነው። ዕቅዱ ውስጥ ይግባ።

የቅኝቱ ጉዳይ እንዲያውም ከፊልተሩ ጋር ይያያዛል። ፊልተሩ ራሱ ሲጮህ ኖታ ነው የሚያወጣው። ካትኦፉ የኪቦርዱን ኖታ ሲከተል በአሥራ ሁለቱ እኩል ክፍፍል ብቻ ከሄደ፣ ሙዚቃው ደግሞ በሌላ ቅኝት ከሆነ፣ ሁለቱ ይጣላሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ኖታውን ከቅኝት ሰንጠረዥ እንዲያነብ አድርገን እንጻፈው። ተጫዋቹ የራሱን ቅኝት ቀድቶ ያስገባል። በኋላ ሲንሴሳይዘሩ ሲመጣ ይኼው ሰንጠረዥ ያገለግለናል።

ወንድሜ የማሲንቆ ፕሪሴት ላልከው፣ ሶው ዌቭ (የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ሞገድ) ላይ ላደር ፊልተር ደፍተን ማሲንቆ አይወጣንም። የማሲንቆው ሳጥንና ቆዳ የሚያጎሉት ፍሪኩዌንሲ ጣት ክሩ ላይ ሲወጣ ሲወርድ ባለበት ይቆያል። የእኛ ካትኦፍ ግን ኖታውን እየተከተለ ይሄዳል። ማሲንቆ የሚመስለው ቦታቸውን የማይለቁ ጥቂት ባንድፓስ (መሀሉን ብቻ የሚያሳልፉ) ፊልተሮች ጎን ለጎን ሲደረጉ ነው። እሱ ሁለተኛ ሥራ ነው፣ አልቀረም።

አቀናባሪው፦
እሺ፣ «አልቀረም» የሚለው በጽሑፍ ይግባልኝ። ሌላ ጥያቄ። ላደር ፊልተር ላይ ሬዞናንሱን ስከፍት ባሱ ለምን ይጠፋል? ሁሌ ያናድደኛል።

ፕሮግራመሯ፦
በተፈጥሮው ነው። የሚመለሰው ተገልብጦ ስለሚመለስ ታችኛውን ድምፅ ይቀንሰዋል። በ4 ሲባዛ ባሱ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል፣ 14 ዲሲቤል ገደማ ማለት ነው። ማካካስ ይቻላል፣ ግን ያኔ ያው የድሮው ድምፅ አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያ እናድርግለት።

የኪቦርድ ጠጋኙ፦
ልጆች፣ ሁሉንም አነበብኩት። ቅዳሜ «ጁኖ 106 ፈልገን እንለካለን» ያለው ማን ነው? ያ ሲንሴሳይዘር እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ነው። ውስጡ ያሉት ሙጫ የለበሱ የድምፅ ቺፖች ሲያረጁ ይሞታሉ፣ ወይም እየተንኮሻኮሹ ይቆያሉ። ስድስት ድምፅ አለው ይባላል፣ ስድስቱ እኩል ሲሠሩለት ማየት ግን ዕድል ይጠይቃል። ያረጀ ካፓሲተር ያለበትን ዕቃ ለክታችሁ «የጁኖ ድምፅ ይኼ ነው» ብትሉ የለካችሁት እርጅናውን ነው። ላደሩን ግን ከባዶ መሥራት ይቻላል። ተራ ትራንዚስተር ነው የሚፈልገው። ታችኛውና ላይኛው ጥንድ ተመሳሳይ እንዲሆኑ ከብዙ መሀል መምረጥ ግድ ነው፣ እሱን እኔ በመልቲሜትር እለቅመዋለሁ። ፕላስና ማይነስ 12 ቮልት የሚሰጥ ንጹሕ የኃይል ምንጭ ብቻ ፈልጉልኝ። ከዚያ የኮምፒውተሩን ፊልተር ከተሠራው ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስሙት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቮልቴጅን ወደ ካትኦፍ የሚቀይረው ክፍል የሙቀት ማካካሻ ካልተደረገለት ስኬሉ በአንድ ዲግሪ 0.33 በመቶ ያህል ይስታል። የሐዋሳን ጠዋትና የሐዋሳን ከሰዓት ታውቁታላችሁ። ስትለኩ ሙቀቱንም ጻፉ።

ፕሮግራመሯ፦
ጋሼ፣ ይኼማ ዕቅዱን በሙሉ ቀየረልን። እርስዎ የሚሠሩትን እኛ እንለካለን፤ የሰው ዕቃም አንለምንም። ከታችኛው እስከ ላይኛው ፍሪኩዌንሲ የሚጠርግ ሳይን እናስገባለን፣ መጀመሪያ በደካማ፣ ቀጥሎ በጠንካራ ሲግናል። ደካማው ቅርጹን ይነግረናል፣ ጠንካራው ጉብጠቱን። ከኢንስቲትዩቱ የምንጠይቀው እንግዲህ ኦሲሎስኮፕና ጥሩ የኃይል ምንጭ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያጠረ ጥያቄ እምቢ ለማለትም ያስቸግራል።

ተማሪው፦
እኔ ላፕቶፕን ወክዬ ልናገር። በ48 ኪሎኸርትዝ፣ በሰከንድ 48 ሺህ ሳምፕል ማለት ነው፣ ስንሠራ መያዝ የምንችለው እስከ 24 ኪሎኸርትዝ ድረስ ነው። 10 ኪሎኸርትዝ ያለው ድምፅ በታንኤች ሲያልፍ 30 ላይ ሃርሞኒክ (የፍሪኩዌንሲውን ብዜት) ይወልዳል። ለ30 ቦታ ስለሌለው ተመልሶ ታጥፎ 18 ላይ ይወርዳል፣ ከሙዚቃው ጋር ዝምድና የሌለው ፉጨት ሆኖ። መፍትሔው ፊልተሩን ውስጥ ውስጡን በአራት እጥፍ ፍጥነት ማስኬድና መጨረሻ ላይ መመለስ ነው፣ ኦቨርሳምፕሊንግ የሚሉት። ግን በ48 ኪሎኸርትዝ ለአንድ ሳምፕል ያለን ጊዜ 21 ማይክሮሰከንድ አይሞላም፣ በአራት እጥፍ ሲሆን 5 ገደማ ይቀራል፤ ያቺም የእኛ ብቻ አይደለችም፣ ፕሮጀክቱ ላይ ያለው ትራክ ሁሉ ይሻማታል። እኔ ዘንድ ያለው ላፕቶፕ ቻርጀሩ ሲነቀል ራሱን ያቀዘቅዛል። መብራት ሲጠፋ ፕለጊናችን የሚንተፋተፍ ከሆነ እዚህ ከተማ ማንም አይጠቀምበትም። ስለዚህ እጥፉን ተጠቃሚው ይምረጥ፤ ሲጫወት በሁለት፣ ሚክሱን ሲያወጣ በአራት ወይም በስምንት። ፈተናውም ሁሉ በደካማው ላፕቶፕ ይሁን፣ የእኔን እሰጣለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦
ሙዚቃውን አላውቅም፣ ወረቀቱን ግን አንብቤዋለሁ። የሙግ የላደር ፓተንት በዘመኑ የአሜሪካ ሕግ ከጸደቀ 17 ዓመት ነበር ዕድሜው፣ ካበቃ ቆይቷል። ሰርኪዩቱን መሥራትም በኮድ መቅዳትም አያስከስሰንም። ስሙ ግን የንግድ ምልክት ነው። ፕለጊኑ ላይ የሌላ ኩባንያ ስም አንለጥፍም፣ መልኩንም አንቀዳም። ኮዱን ጁስ በሚባለው የፕለጊን መሥሪያ እንጽፈዋለን ከተባለ ሁለት መንገድ ነው ያለው። ወይ ኤጂፒኤል በሚባለው የክፍት ኮድ ፈቃድ ኮዳችንን ለሁሉም እንከፍታለን፣ ወይ የእነሱን የንግድ ፈቃድ እንይዛለን። ይኼ ዛሬ ካልተወሰነ በኋላ ያጣላናል። የእኛም ኮድ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ሆኖ ይጠበቃል፤ ማን ምን እንደጻፈ ግን ከመጀመሪያው ቀን በፊርማ ይያዝ።

አቀናባሪው፦
ፊልተሩ ክፍት ይሁን። በነፃ ይበተን፣ ስማችን ይታወቅ። ሲንሴሳይዘሩ ሲመጣ በቴሌብር እንሸጣለን። ደግሞ ቪኤስቲ 3 የሚባለው የፕለጊን ዓይነት ይሁን መጀመሪያ። ኪዩቤዝ የሚባለው የሙዚቃ ፕሮግራምም ኤፍኤልም ያነቡታል። ቪኤስቲ 2ን እርሱት፣ ባለቤቱ ሽታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2018 ለአዲስ ሠሪ ፈቃድ መስጠት አቁሟል።

ፕሮግራመሯ፦
ክፍት ከሆነ እስማማለሁ። ግን የሲንሴሳይዘሩን ኮድ በኋላ መዝጋት ከፈለግን ከኤጂፒኤሉ ጋር እንዳይጋጭ የፊልተሩን ሂሳብ ከጁስ ነጥዬ ለብቻው እጽፈዋለሁ። በውስጡ ያለው የራሳችን ብቻ ይሆናል።

ጸሐፊ፦
ሐሙስ ማታ ነው፣ ዘጋሁት። የጻፍኩት ይኼን ነው። «ማኅበሩ በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ የላደር ፊልተር ፕለጊን ይሠራል። ፊልተሩ በአባላት እጅ ከተሠራ ሰርኪዩት ጋር ተለክቶ ይስተካከላል። የድምፅን ጥንካሬ የሚከተል መክፈቻ፣ ከውጭ የሚገባ የቅኝት ሰንጠረዥ፣ የባስ ማካካሻ ማብሪያና የሚመረጥ የኦቨርሳምፕሊንግ እጥፍ ይኖረዋል። ኮዱ ክፍት ነው። ተለክቶ ካልተስተካከለና በደካማው ላፕቶፕ ላይ ካልተፈተነ አይለቀቅም። ሁለተኛው ምዕራፍ በዚሁ ፊልተር ላይ የሚቆም፣ ለማሲንቆ የተለዩ ባንድፓስ ፊልተሮች ያሉት ሲንሴሳይዘር ነው፤ ሥራው የሚጀመረው የመጀመሪያው ከተለቀቀ በኋላ ነው።»

ያልተዘጋ አንድ ነገር አለ፣ የፊልተሩ ስም። ቅዳሜ በድምፅ ብልጫ እንወስናለን። «ሐይቅ» የሚለውን ካሁኑ ሰባት ሰው ልኮልኛል፣ ሌላ ነገር አስቡ እባካችሁ። ኃይል ምንጩን ለጋሼ ማን ያመጣል?

ተማሪው፦
ከክፍል ጓደኛዬ እዋሳለሁ። አርብ ከሰዓት ሱቃቸው ድረስ አደርሰዋለሁ ጋሼ።

የኪቦርድ ጠጋኙ፦
ከ9 ሰዓት በኋላ ና። ፊውዙን አይተህ አምጣው።