የአገራችን ባርነት «ለስላሳ» ነበርን?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ካለፈው ውይይታችን የተወለደ ነው። አንድ ተሳታፊ በአሜሪካ ባሪያ አሳዳሪዎች ሰውን ከሰውነት ተራ ያወጡበትን መንገድ ሲዘረዝሩ፣ ሌላው «የእኛው የቤት ባርነት ስለ ነበር ከዚያ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም» ብለው መለሱ። ብዙዎቻችን ይህን አባባል ስንሰማ ያደግን ስለሆነ ራሱን ችሎ ቢመረመር ይሻላል ብያለሁ። እያንዳንዱ ተከራካሪ የሚጽፍበትን ከተማ ብቻ ይግለጽ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ባርነት በማንኛውም መልኩ ኃጢአት መሆኑን አስቀድሜ ልናገር፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የምከራከረው ስለ ልዩነቱ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ባሪያው የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻ መሣሪያ ነበር። በእኛ አገር ግን ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ልጅ ያዝላል፣ ከጌታው ጋር ይዘምታል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ፍትሐ ነገሥቱም ነፃነት በተፈጥሮ ሕግ ለሰው ሁሉ የተሰጠ መሆኑን፣ አንዱን ለሌላው ያስገዛው ጦርነት መሆኑን ይናገራል፤ ባሪያን አርነት ማውጣትንም እንደ ጽድቅ ሥራ ያበረታታል። በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ለነፍሱ ሲል ባሪያዎቹን ነፃ ያወጣ ጌታ ጥቂት አይደለም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የገቡ ነበሩ፤ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም እንዲሁ ከጦር ሜዳ የተነሱ ምርኮኛ ሲሆኑ በዓድዋ ተዋግተው፣ ሲዳሞን ገዝተው፣ በእርጅናቸው ከኢጣሊያ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። በቨርጂኒያ ለዚህ የታደለ ባሪያ አለን?

ከጅማ፦ የታሪክ መምህርት ነኝ። ወንድሜ ከደብረ ማርቆስ የጠቀሷቸውን ማስረጃዎች አልክድም፤ የምለየው በመነሻው ላይ ነው። ባሪያው ምን ይሠራ ነበር፣ ምን ይበላ ነበር ብለን ከጀመርን መልሱ እንደየቤቱ ይለያያል፤ ደግ ጌታም ጨካኝ ጌታም እናገኛለን። እኔ ግን አንድን ልጅ ባሪያ አድርጎ የሚያቆየው ምን ነበር ብዬ እጀምራለሁ።

በቀድሞው ኑሯችን ሰው ሰው የሚባለው በዘመዱ ነበር። ርስት የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ዘሩን ቆጥሮ ነው። ዳኛ ፊት የሚቆመው ዋስ ጠርቶ ነው። ቢገደል ደሙን የሚመልስ ወይም የደም ዋጋ የሚቀበል ወገን አለው፤ ነፍሰ ገዳዩን የሚያስፈራውም ዳኛው ሳይሆን ይህ ደመኛ ነው። ሊያገባ ሲል ሰባት ቤት ይቆጠርለታል፤ ሲሞት ለቅሶ የሚቀመጥለትና ተዝካር የሚያወጣለት አለው። አሁን ከቦንጋ ማዶ በስምንት ዓመቷ የተፈነገለች ልጅ ሸዋ ወይም ጎጃም ውስጥ አንድ ግቢ ስትገባ አስቡ። የምትቆጥረው ዘር በዚያ አገር ማንም አያውቀውም። ዋስ የላትም። ቢገድሏት ደመኛ የላትም። «የማን ልጅ ነሽ?» ስትባል የምትጠራው የጌታዋን ስም ነው። እንዲህ ያለችውን ልጅ በሰንሰለት ማሰር አያስፈልግም፤ ቋንቋዋን የማያውቅ አገር በየአቅጣጫው የብዙ ቀን መንገድ ተዘርግቶ ሳለ ብትጠፋ የምትጠፋው ወዴት ነው? ባሪያ ከተያዘበት ቀዬ እጅግ ርቆ መሸጡ የነጋዴው ትርፍ ብቻ የሚጠይቀው ነገር አልነበረም፤ ለገዢውም ርቀቱ ከብረት የሚበልጥ እግረ ሙቅ ነበር።

መንገዱንም ሁለታችንም እናውቀዋለን። በ19ኛው መቶ ዓመት ከከፋና ከጊቤ አገሮች የተያዙት በሂርማታ፣ ማለትም ዛሬ እኔ በምኖርበት በጅማ፣ በሊሙ ደግሞ በሳቃ ገበያ ይሸጡ ነበር፤ ዓባይን ተሻግረው ባሶ ገበያ ይወጡና ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማ ወይም ወደ ምፅዋ ይነዱ ነበር። ባሶ ከደብረ ማርቆስ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ሰው አገር አይደለም፤ በእርስዎም በእኔም ደጃፍ ስላለፈ ሕዝብ ነው።

ስሙም የሥርዓቱ አካል ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበር። በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጡ ነሲብ የሚለውን ያገኙት በገዢዎቻቸው አፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ ከወጡ በኋላ ሲጠመቁ ደግሞ ኦኔሲሞስ ተባሉ፤ ይኸውም ጳውሎስ ለፊልሞና ከጻፈለት አገልጋይ የተወሰደ ስም ነው። ልጁ በተሸጠ ቁጥር የእናቱ አፍ ከስሙ ላይ እየራቀ ይሄዳል።

ሀብተ ጊዮርጊስንና ባልቻን በተመለከተ፣ ሁለቱም ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ ምርኮኛን ለምን ያምን ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ ከጀርባው የሚያምፅለት ወገን፣ ዙፋን የሚመኝለት አጎት ስለሌለው ነው የሚል መልስ እናገኛለን። ከፍ ያደረጋቸው የግል ችሎታቸው ቢሆንም፣ በሩን የከፈተላቸው ያው ከዘመድ መቆረጣቸው ነበር። ባልቻ በልጅነታቸው በዚያው የጦር ሜዳ መሰለባቸው የሚነገር መሆኑንም አንርሳ፤ ያንን «ለስላሳ» በሚለው ቃል ሥር ማስገባት ይከብደኛል።

ከዋሽንግተን፦ በዚህ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ፤ ልጆቼም የተማሩት የዚህን አገር ታሪክ ነው። እኅቴ ከጅማ የጻፉትን ሳነብ ልዩነቱ እኛ እንደምናስበው ሰፊ እንዳልሆነ ተሰማኝ። እ.ኤ.አ. በ1662 የቨርጂኒያ ሸንጎ ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይከተላል ብሎ ደነገገ፤ በዚህም ጌታው ከባሪያው የወለደው ልጅ የራሱ ንብረት ሆነ። የደቡብ ካሮላይና ሕግ በ1740 ባሪያን መጻፍ ማስተማር ከለከለ። ናት ተርነር በተባለ ባሪያ የተመራው ዓመፅ በ1831 ከተነሣ በኋላ ደግሞ በደቡብ ግዛቶች ንባብና የጸሎት ስብሰባ ሳይቀር ቁጥጥሩ ጠበቀ። እነዚህ በእኛ አገር እንዲህ ተጽፈው አልነበሩም፤ ይህን ለወንድሜ እቀበላለሁ።

ነገር ግን ፍሬድሪክ ዳግላስ ከሜሪላንድ አምልጦ በ1845 ያሳተመውን የራሱን ታሪክ ያነበበ ሰው ስለ ጅራፉ ብቻ አይደለም የሚያነበው። በሕፃንነቱ ከእናቱ እንደለዩት፣ የተወለደበትን ቀን ከቶ እንደማያውቅ ይናገራል። ከገና እስከ አዲስ ዓመት ለባሪያዎች ይሰጥ የነበረውን ዕረፍትና መጠጥ ሲተርክም፣ ጌቶቹ በደግነት ሳይሆን የዓመፅን እንፋሎት ለማስተንፈስ የዘየዱት መሆኑን ያስረዳል። አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ልቤን ነክቶታል፤ የሁለት ጌቶች ባሪያዎች ሲገናኙ «የእኔ ጌታ ከአንተ ጌታ ይሻላል» እየተባባሉ እስከ መደባደብ ይደርሱ ነበር ይላል። እኛም ዛሬ ነፃ ሰዎች ሆነን የእኛ ጌቶች ከእነርሱ ጌቶች ይሻሉ ነበር ስንባባል የእርሱ ቃል ትዝ ይለኛል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ሁለቱም ጽሑፎች አሳስበውኛል፤ በተለይ ስለ ደመኛና ስለ ዋስ የተባለውን ከዚህ በፊት በዚያ መልኩ አላሰብኩትም። ሆኖም አንድ ሥጋት አለኝ። ፋሺስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1935 ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ክስ ኢትዮጵያ ባሪያ አሳዳሪ ስለሆነች ከሠለጠኑ መንግሥታት ጋር መቀመጥ አይገባትም ብላ ነበር፤ ክሱ የወረራው ሽፋን ሆነ። ዛሬም ይህን ጉዳይ የሚያነሡ ሁሉ ለእውነት ብለው ብቻ አያነሡትም፤ አንዱን ሕዝብ በሌላው ላይ ለማስነሣት የሚሹ አሉ። ታሪካችንን በዚህ መልክ ስንናገር ለማን መሣሪያ እያቀበልን እንደሆነ ልናስብ አይገባምን?

ከአዲስ አበባ፦ የሕግ ባለሙያ ነኝ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ሕዝብ የፈጀ፣ በሶማሊያው ደናኔና በኤርትራው ኖኩራ እስር ቤቶች እስረኛ የጨረሰ የኢጣሊያ አገዛዝ ስለ ሰብአዊነት የመናገር መብት አልነበረውም። ነገር ግን ክሱ ከነፍሰ ገዳይ አፍ መውጣቱ የተፈነገለውን ልጅ ወደ እናቱ አይመልሰውም። የራሳችን መንግሥት አዋጆችም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው። አፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ከልክለዋል፤ አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1884 ከእንግሊዝ ጋር በስምምነት አግደዋል፤ አፄ ምኒልክም አውጀዋል። በመስከረም 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ጉዳዩ ዋና እንቅፋት ሆኖ ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅም ባርነትን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ነበር። ሙሉ በሙሉ የተሻረው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ያው ክልከላ በየዘመኑ የታወጀው ስለማይከበር ነው፤ የማይከበረውም አስፈጻሚ የተባለው ሹም ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ስለ ነበር ነው። አርነት የወጣው ሰው መሬት ስላልተሰጠው ብዙ ጊዜ በዚያው በቀድሞ ጌታው ደጅ እያገለገለ ቀረ፤ ይህንንም «ከፍቅሩ የተነሣ አልለይም አለ» እያሉ ሲተርኩት ሰምቻለሁ።

ከሚዛን ተፈሪ፦ አጭር ነገር ልጨምር። እስካሁን የተነጋገራችሁት ባሪያው ከገባበት ቤት ተነሥታችሁ ነው። እኛ የምንነሣው ከወጣበት ቤት ነው። በቤንችና በማጂ በኩል በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በፍንገላ ምክንያት ሰው የራቃቸው ሰፋፊ አካባቢዎች ነበሩ። ልጁ በደረሰበት ቤት ወተት ቢያጠጡትም፣ እናቱ እዚህ ቀርታ ነበር።

ከደብረ ማርቆስ፦ ለሚዛን ተፈሪው ወንድሜ መልስ የለኝም፤ ልክ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ለመምህርቷ አቀርባለሁ። ወደ ባሕር ማዶ የሚሸጠውንና በአገር ውስጥ ቤት የሚያድገውን መለየት አይገባንምን? ሁለተኛው ከጊዜ በኋላ ቤተሰብ ይሆን ነበር፤ ከባሪያ የተወለደው የጌታው ልጅም ርስት የወረሰበት ጊዜ አለ።

ከጅማ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በቅድሚያ መለየቱ ለተሸጠው ሰው ምን ያህል ዋስትና እንደ ነበር እንይ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ዓረብ አገር ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን በቀይ ባሕር ይዛ ከሁለት መቶ በላይ የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች የሆኑ ሰዎችን ወደ ዓደን ወሰደች። ከእነርሱ 64ቱ ከሁለት ዓመት በኋላ በደቡብ አፍሪካ ላቭዴል ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ሚሲዮናውያኑም የእያንዳንዱን ልጅ ታሪክ ጠይቀው መዘገቡ። የአባትና የእናታቸውን ስም፣ የወንድምና የእኅቶቻቸውን ቁጥር፣ የተያዙበትን ሁኔታ ተናገሩ። አንዳንዶቹ ባሕር ከመድረሳቸው በፊት በየመንገዱ ባሉ ቤቶች ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ ነበሩ። ይህ ማለት የዛሬ የቤት አገልጋይ የነገ ጭነት ነበር ማለት ነው፤ ጌታው ቢቸገር፣ ግብር ቢጎድለው፣ ሴት ልጁን ቢድር የሚሸጠው ወይም በጥሎሽ የሚሰጠው ከቤተሰቡ መካከል ማንን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ከእነዚያ ልጆች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች፤ በአፓርታይድ ዘመን በሮበን ደሴት አሥር ዓመት የታሰረው ኔቪል አሌክሳንደር የልጅ ልጇ ነው።

ስለ ቤተሰብ የጠየቁኝን በራሴ ወገን ልመልስ፤ ይህን ከዚህ በፊት ጽፌው አላውቅም። በሸዋ ከአያቴ ጋር ያደጉ፣ እኛም «እማማ» የምንላቸው አንዲት ሴት ነበሩ። በልጅነታቸው ከደቡብ የመጡ ናቸው፤ ከየት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም። አያቴ «እኅቴ ናት» ትላቸው ነበር፤ እውነቷን ነበር፤ ሲሞቱ እንደ እኅት አለቀሰችላቸው። በዕድሩ መዝገብ የተጻፈው የአባታቸው ስምም የአያቴ አባት ስም ነው። ከዓመታት በኋላ እናቴ የአባትየውን ርስት ልጆቹ የተካፈሉበትን አሮጌ ወረቀት አሳየችኝ። የሰባት ልጆች ስም በተራ ተጽፎበታል፤ የእማማን ስም ግን ሁለት ጊዜ ብፈልገው አጣሁት።