የኢን-ኢን ኢንተግራል አልረጋ ሲል

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኢንፍሌሽን ዘመን (ዩኒቨርስ መጀመሪያ ላይ በፍጥነት የሰፋበት) የሦስት ነጥብ ኮሪሌሽን በኢን-ኢን ዘዴ (የኳንተም አማካይን ከመነሻው ቫክዩም ተነስቶ በጊዜ ኢንተግራል በሚያሰላው) እያሰላሁ ነው፤ መስተጋብሩ የፊልዱ የጊዜ ዴሪቬቲቭ በኪዩብ ነው። በኮምፒውተር ሲሰላ የታችኛውን የጊዜ ወሰን ባራቅሁ ቁጥር ውጤቱ እየሰፋ ይዋዥቃል። ምን ላስተካክል?

መልስ (ሸዋ ሮቢት)፦
ወንድሜ፣ ወሰኑን ማራቅ መፍትሔ አይሆንም። ኢንተግራሉ ውስጥ ያለው ታው (ኮንፎርማል ጊዜው) ስኩዌር በሚዞር ኤክስፖነንሻል ተባዝቶ ነው፤ ወደ ኋላ በሄድክ መጠን ይገዝፋል። ትክክለኛው ቫክዩም (ዝቅተኛው የኃይል ሁኔታ) እንዲመረጥ ጊዜውን ወደ ኮምፕሌክስ ማዘንበል ግድ ነው። ኮዱ ላይ ታውን በ«አይ ሲባዛ ኤክስ» ተካ፤ ኤክስ ከኢንፊኒቲ ወደ ዜሮ ይሂድ። ያኔ መዋዠቁ ቀርቶ ይከስማል፤ የኢንተግራሉ መልስ 2አይ ሲካፈል ለኬ ኪዩብ ነው፣ ኬ የሦስቱ የሞገድ ቁጥሮች ድምር። ልብ በል፦ ይህ የመስተጋብሩ ሃሚልቶኒያን (የኃይል ኦፕሬተሩ) ከሚለካው የፊልዶች ብዜት በቀኝ ላለበት ክፍል ብቻ ነው። የግራው ኮንጁጌት ስለሆነ ወደ ተቃራኒው ይዞራል፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ከዞሩ አንዱ ይፈነዳል።

መልስ (ደብረ ሲና)፦
በዚህ ላይ፣ ሃሚልቶኒያኑን የላግራንዣኑ ነጌቲቭ አድርጎ መውሰድ እስከ ኪዩቢክ (ሦስት ፊልዶች እስከሚባዙበት ተርም) ድረስ ብቻ ይሠራል፤ ኳርቲክ (አራት ፊልዶች) ላይ ዴሪቬቲቭ ካለ ተጨማሪ ተርም ይመጣል። ለማረጋገጥ አንዱን የሞገድ ቁጥር ወደ ዜሮ አስጠጋው፤ ባይስፔክትረምህ (ያው የሦስት ነጥብ ኮሪሌሽኑ በሞገድ ቁጥር ሲጻፍ) እንደ 1/ኬ ማደግ አለበት፤ እዚህ ኬ ድምሩ ሳይሆን ያ አንዱ የሞገድ ቁጥር ነው። እንደ 1/ኬ ኪዩብ ካደገ የሞድ ፈንክሽኑን (የአንድ የሞገድ ቁጥር ፊልድ በጊዜ የሚለዋወጥበትን ቀመር) ዴሪቬቲቭ መርምር፤ እዚያ የኬ ስኩዌር ብዜት ሳይጻፍ ቀርቶ ይሆናል።