ኑዛዜ «ይጸድቃል» ሲባል ምን ማለት ነው? «በእጅ የተጻፈ» ሲባልስ?

— ሰላም የቃል ወዳጆች፣ የአክስቴ ልጆች በውርስ ነገር ፍርድ ቤት ናቸውና ማመልከቻቸው ላይ «በእጅ የተጻፈው ኑዛዜ ይጽደቅልን» የሚል አየሁ። እኔ የማውቀው ችግኝ ሲጸድቅ ነው፣ ቢበዛ ሰው ጸድቆ ገነት ሲገባ፣ ወረቀት እንዴት ነው የሚጸድቀው? ደሞ ኑዛዜ ቄስ ጋ አይደል እንዴ?

— ሃሃ፣ ከኋላው ልጀምርልህ። ግዕዙ ናዘዘ ማጽናናት ነው። ድሮ ሰው ሞቱ ሲቃረብ የነፍስ አባቱን ያስጠራና ኃጢአቱንም እዛው ይናገራል፣ በሬና መሬቱንም እዛው ያደላድላል፣ ስለዚህ አንዱ ቃል ሁለቱንም ይዞ ቀረ። ማጽደቅ ደግሞ ችሎት ላይ፣ ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን መርምሮ ሕጉ ያለውን አሟልቷል ብሎ ሲቀበለው ነው። እስኪጸድቅ ድረስ ባንክ ይዘኸው ብትሄድ ማንም ዞር ብሎ አያይህም።

— እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፣ ማመልከቻው «በእጅ» ነው የሚለው «በእጁ»? ቀልድ አይደለም፣ ነገሩ ያለው ጅ እና ጁ ላይ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ የሚለው ሰውየው ራሱ ከላይ እስከ ታች የጻፈውን ነው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት፣ በየወረቀቱም ቀንና ፊርማ። በኮምፒውተር ቢጽፈው እንኳ በኮምፒውተር መጻፉን በየገጹ በእጁ ጽፎ መግለጽ አለበት። ሌላ ሰው እየሰማ የጻፈለት ከሆነ ግን በእጅ ተጻፈ እንጂ በእጁ አልተጻፈም፣ ያኔ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ይሆንና በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ መነበቡም እዛው ተጽፎ፣ ሁሉም መፈረም አለባቸው። ሰው ይሄን እየሳተ ነው ፍርድ ቤት የሚንከራተተው!

— በቃል ያለ ይረሳል በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ፣ ይሄ ግን ተጽፎም ይረሳል 😀 ምክንያቱም በራሱ የጻፈው ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ (ውልና ሰነድ የሚያረጋግጠው ሹም) ጋ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይወድቃል። ሳጥን ውስጥ ቆልፎ የሚያስቀምጥ አባት ይሄን ቢያውቅ ጥሩ ነበር።

— ተቃዋሚዎቹ ፎርጅድ ነው ቢሉስ? የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው?

— በኑዛዜው እጠቀማለሁ የሚለው ነው የሚያስረዳው። ዋናውን ወረቀት ያቀርባል፣ ወይም በአደራ የተቀበለው አካል ትክክለኛ ነው ብሎ ያረጋገጠውን ግልባጭ፣ ዝም ብሎ ፎቶ ኮፒ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም። ጽሑፉ ከተካደ ሟቹ በሕይወት እያለ ከጻፋቸው ደብዳቤዎችና ከፈረመባቸው ሰነዶች ጋር እንዲመሳከር ለፎረንሲክ ይላካል። እዚህ ቨርጂኒያ እንኳ በራስ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ ያለ ምስክር ፊርማ ፕሮቤት (የነሱ ማጽደቂያ) ይገባል፣ ግን ጥቅም የሌላቸው 2 ሰዎች ጽሑፉ የሱ ነው ብለው መመስከር አለባቸው።

— ደውዬ ጠየቅኳቸው። የጻፈው ጎረቤት ነው፣ ሟቹ አጎቴ ፈርሞበታል፣ ምስክሮቹ 3 ናቸው።

— በል እንግዲህ በቶሎ ጠበቃ ይያዙ። ከሦስቱ አንዱ በሥራው ላይ የነበረ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ካልሆነ በቀር 3 አይበቃም።