ፊላደልፊያ የምትወደው ታታሪውን ነው ወይስ ተፋላሚውን?

አወያይ፦ የአሜሪካዋ ከተማ የፊላደልፊያ የስፖርት ደጋፊዎች ከባለ ተሰጥኦው ይልቅ እልኸኛውንና እስከ መጨረሻው የሚፋለመውን ያስቀድማሉ ይባላል። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ይሁኑ።)

የቡጢ ወዳጅ፦ ምክንያቱ የከተማዋ ታሪክ ነው። ፊላደልፊያ የጨርቃ ጨርቅ፣ የባቡርና የመርከብ ፋብሪካዎች የሞሉባት የወዛደር ከተማ ነበረች፤ ቡጢኛው ጆ ፍሬዚየርም የዓለም ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት በዚያው ከተማ ቄራ ውስጥ ይሠራ ነበር። በ1971 ሙሐመድ አሊን በ15ኛው ዙር በግራ እጁ መትቶ ሲጥለው የራሱም ፊት በቡጢ አባብጦ ነበር። ወዛደሩ በዚያ ፊት ላይ ራሱን ቢያይ ምን ይገርማል?

የቤዝቦል ተከታታይ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። የቤዝቦል ተጫዋቹ ማይክ ሽሚት 548 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳው አጥር የሚያሻግር ምት) የመታ፣ የከተማዋ ቡድን ፊሊስ በ1980 ለመጀመሪያ ጊዜ የዎርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ) ዋንጫ ሲያነሣ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች የተባለ ሰው ነው፤ ሆኖም የገዛ ደጋፊዎቹ በተደጋጋሚ በተቃውሞ ይጮኹበት ነበር። በ1985 ደጋፊዎቹን በጋዜጣ ከወቀሰ በኋላ ረጅም ሰው ሠራሽ ፀጉርና ጥቁር መነጽር አድርጎ ወደ ሜዳ ሲወጣ ግን አጨበጨቡለት። ሰነፍ ስለነበረ አይደለም የሚጮኹበት፤ ከባዱን ነገር ቀላል አስመስሎ ስለሚሠራው ልፋቱ ከፊቱ ላይ አይነበብም ነበር። እንግዲህ የሚወደደው ልፋት ሳይሆን የሚታይ ልፋት ነው።

የቅርጫት ኳስ ተመልካች፦ የከተማዋ የቅርጫት ኳስ ቡድን የሲክሰርስ ኮከብ የነበረው አለን አይቨርሰንም ለዚህ ምስክር ነው። ልምምድ በመቅረቱ ከአሠልጣኙ ከላሪ ብራውን ጋር ሲጋጭ የኖረ ተጫዋች ነው፤ ታታሪነት መለኪያ ቢሆን ኖሮ ከተማዋ ባልወደደችው ነበር። ነገር ግን 1.83 ሜትር ቁመት ይዞ በግዙፎቹ መካከል እየገባ ሲወድቅና ሲነሣ ሁሉም ያየው ነበር። በ2001 የሊጉ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ በሎስ አንጀለሱ ቡድን በሌከርስ ላይ 48 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑን አሸናፊ አደረገ፤ ሲክሰርስ የቀሩትን 4 ጨዋታዎች ቢሸነፍም ፍቅሩ አልቀነሰም።

የቡጢ ወዳጅ፦ ደጋፊ የሚያየው ሜዳውን ብቻ ስለሆነ በሚያየው መፍረዱ ነውር አይደለም። ደግሞም የመናቅ ስሜት አለ። የከተማዋ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ኤግልስ በ2018 የመጀመሪያውን ሱፐር ቦውል (የሊጉን ፍጻሜ) ካሸነፈ በኋላ፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ በ6ኛው ዙር ብቻ ተመርጦ ወደ ቡድኑ የገባው ጄሰን ኬልሲ በከተማዋ የአዲስ ዓመት ሰልፈኞች አልባሳት አጊጦ፣ በጓደኞቹ ላይ የተሰነዘረውን ትችት አንድ በአንድ እየጠራ ሲናገር ሕዝቡ በድጋፍ የጮኸው ንቀቱ የራሱም ስለነበረ ነው።

የቤዝቦል ተከታታይ፦ የኬልሲን እቀበላለሁ። ወዛደሩን ያከብራሉ የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም፤ በፊልም የተፈጠረው ቡጢኛ ሮኪ ሐውልቱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በከተማዋ ሲቆም፣ እውነተኛው የቄራ ሠራተኛ ፍሬዚየር ሐውልት ያገኘው በ2011 ከሞተ በኋላ፣ በ2015 ነው። ክርክርዎ ልክ ቢሆን ኖሮ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት።