ኤፒቲቲ (የደም መርጊያ ጊዜ መለኪያ) ብቻ ረዝሞ የማይቆም መድማት፦ መልሰን እንክፈት?

ጥያቄ፦ ሰላም ባልደረቦች። አንጀታቸው የተቆረጠ የ68 ዓመት አዛውንት፣ ዛሬ 4ኛ ቀናቸው። ቁስሉም ድሬኑም (ፈሳሽ ማውጫ ቱቦው) መድማቱን አልተወም፤ ክንዳቸው በሰፊው በልዟል። ፒቲ (ሌላው የመርጊያ ጊዜ መለኪያ) 13 ሰከንድ፣ ፕላትሌት 210 ሺህ፣ ፋይብሪኖጅን (የደም ማርጊያ ፕሮቲን)፣ ሁሉም ደህና። ኤፒቲቲ ግን 82 ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም 58 ነበር፣ ልብ ያለው የለም። 4 ከረጢት ፕላዝማ ቢሰጥም ፈቀቅ አላለም። ቀድሞ የመድማት ችግር አልነበረባቸውም። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይመለሱ?

መልስ፦ ገና ነው። የምጠረጥረው አኳየርድ ሄሞፊሊያ ነው፤ ሰውነት ፋክተር 8 የተባለውን የደም ማርጊያ ፕሮቲን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ሲያመነጭ ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ መክፈት ሌላ የሚደማ ቁስል መጨመር ነው። መጀመሪያ ናሙናውን ይጠርጥሩ፤ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ካለፈበት መስመር ከተቀዳ ውጤቱ ያሳስታል። ከሌላው ክንድ ይቅዱ፣ የሲትሬት (ናሙናው እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ) ቱቦውን እስከ ምልክቱ ይሙሉት። ከጎደለ ሲትሬቱ ይበዛና ጊዜውን ያረዝማል። ትሮምቢን ታይም (ሄፓሪን ሲኖር የሚረዝም ምርመራ) ደህና ከሆነ ሄፓሪን አይደለም።

ከዚያ ሚክሲንግ ቴስት፦ የታካሚው ፕላዝማ ከጤነኛ ፕላዝማ ጋር እኩል ተቀላቅሎ ወዲያው ይለካ፣ ሌላው ደግሞ በ37 ዲግሪ 2 ሰዓት ቆይቶ። ብዙዎች የሚሳሳቱት የመጀመሪያውን ብቻ አይተው ነው። የፋክተር 8 ፀረ እንግዳ አካል ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ወዲያው ሲለካ የተስተካከለ ይመስላል፣ ከቆየ በኋላ ግን መልሶ ይረዝማል። ጤነኛውም ፕላዝማ ለብቻው አብሮ ይቆይ፤ ፋክተር 8 በሙቀት በራሱ ይቀንሳልና።

መልስ፦ የፋክተር 8 መጠንና የቤቴስዳ (የፀረ እንግዳ አካሉን ኃይል የሚለካ ምርመራ) ውጤት እስኪመጣ ደሙ አይጠብቅም። ሪኮምቢናንት ፋክተር 7ኤ (ያለ ፋክተር 8 ደም የሚያረጋ መድኃኒት) ይሰጥ፣ በኪሎ 90 ማይክሮግራም፣ በየ2–3 ሰዓቱ። በዚህ ዕድሜ ልብና አንጎል ላይ የደም መርጋት ሊያመጣ ስለሚችል ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ይከታተሉ። ኤፒቲቲን ግን አይከተሉ፣ መድኃኒቱ ሠርቶም ረጅም ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ሄሞግሎቢንና ድሬኑን ይመልከቱ። ጡንቻ ላይ መርፌ አይወጋ።

ፕሬድኒሶሎን (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) በኪሎ 1 ሚሊግራም በቀን። አንጀቱ ገና የተሰፋ ስለሆነ ያስፈራል፣ ግን ፀረ እንግዳ አካሉ ካልጠፋ መድማቱ ይመለሳል። ኢንፌክሽን በየቀኑ ይፈለግ።

መልስ፦ አንድ ጭማሪ። ሉፐስ አንቲኮአጉላንት (ሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል) እና የፋክተር 12 እጥረትም ኤፒቲቲን ያረዝማሉ፣ ግን እንዲህ አያደሙም። ፋክተር 13 ደግሞ ሲጎድል ያደማል፣ ፒቲና ኤፒቲቲ ግን ደህና ናቸው።

ጠያቂ፦ ከሌላው ክንድ ተቀድቶ፣ ትሮምቢን ታይም ደህና። ሚክሲንግ ወዲያው 41፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 69፤ ጤነኛው 34። ፋክተር 7ኤ ተጀምሯል፣ ቀዶ ሕክምናው ቀርቷል።